የወተቷ ልጅ ግራ ዓይን

ጥር 8፣ ማክሰኞ

ጉልበቴ ዛሬም አልታዘዝ ብሏል። የስቱዲዮውን ደረጃ ሁለት ጊዜ አርፌ ወጣሁ። ድሮ መብራት ተሸክሜ እየሮጥኩ የምወጣው ደረጃ... ማን ነው በየዓመቱ አንድ አንድ እርከን የሚጨምርበት?

የእህቴ ልጅ ቀድማኝ ደርሳ ቁምሳጥኑን ከፍታዋለች። የአርባ ዓመት ኔጋቲቭ። ሁሉንም ስካን አድርጋ ኮምፒውተር ውስጥ ልታስገባው ነው። ኤግዚቢሽኑ ሚያዝያ 12 ይከፈታል፤ የአዳራሹ ሰውዬ በቀን ሦስቴ ይደውላል። በመጥሪያው ወረቀት ላይ "የማስታወቂያ ፎቶ እናት" ሊለኝ ነበር። ልጅ ያልወለድኩ ሴትዮ የምን እናት፤ አጥፋው አልኩት። ሠራተኞቼ ያወጡልኝ ስም ይሻላል። ወይዘሮ ድገሙ። "ድገሙት፣ አንዴ ብቻ ድገሙት" እያልኩ ሰው ስለማደርቅ።

"አክስቴ፣ ይሄ አይስክሬም ሳይቀልጥ እንዴት አነሳሽው?"

"የተፈጨ ድንች ነው።"

"የቢራው አረፋስ?"

"ሳሙና።"

"ኧረ እውነት የሆነ ነገር አንስተሽ ታውቂያለሽ?"

ተሳሳቅን። "የወተቷን ልጅ" አልኳት። ከልቤ ነው ያልኳት።

የወተቷ ልጅ የአዳራሹ መግቢያ ላይ ትሰቀላለች፣ ሦስት ሜትር ሆና። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ለዱቄት ወተት ያነሳኋት የዘጠኝ ወር ሕፃን። ሰው ሁሉ በቀለም ሲጮኽ እኔ በጥቁርና ነጭ አነሳኋት፤ ከፊቷ በቀር ምንም የለበትም። ሳቋና ዓይኖቿ። ከሥሯ ሁለት ቃል ጻፍኩ፦ "እናት ታውቃለች።" ያ ፎቶ ነው ሰው ያደረገኝ። ዛሬም ጣሳው ላይ አለች። ከእሷ በኋላ የወጣው የሕፃን ማስታወቂያ ሁሉ የእሷ ልጅ ነው ይላሉ... እኔም ሲሉኝ አልከለክልም።

ጥር 10፣ ሐሙስ

የወተቷ ልጅ ፊልም ተገኘ። አሥራ ሁለት ፍሬም፣ በራሴ እጅ "ወተት፣ ሕፃኗ" ተብሎ የተጻፈበት ፖስታ ውስጥ። እኔ ሻይ ላፈላ ጥግ ካለችው ምድጃ ጋ ነበርኩ።

"አክስቴ፣ እስኪ ነይ። ግራ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር አለ። አቧራ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጠረግኩት።"

"የመብራት ነው" አልኳት፣ ሳልሄድ።

"አሥራ ሁለቱም ላይ አለ እኮ።"

"አሥራ ሁለቱንም ያነሳሁት እዚያው መብራት ላይ ነው።"

ዝም አለች። የዚህች ልጅ ዝምታ እንደ እናቷ ነው፤ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ከዚያ... "ልጄን የማስከትብበት ጤና ጣቢያ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት አለ። ልጅዎን ፎቶ ሲያነሱ አንድ ዓይኑ ብቻ ነጭ ሆኖ ካበራ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩ ይላል። ዓይን ውስጥ የሚበቅል ዕጢ ነው አሉ። ቶሎ ከደረሱበት ይድናል።"

"ካልደረሱበትስ?"

"እሱን አልጻፉትም።"

ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው። "ነጩን ላጥፋው ወይስ እንዳለ ልተወው?" ብላ ጠየቀችኝ። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ቤቴ ሄድኩ።

ጥር 11፣ ዓርብ

ብቻዬን ገባሁ። አጉሊ መነጽሬንና የእህቴ ልጅ ከፊልሙ ያተመቻቸውን አሥራ ሁለት ፎቶዎች ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ።

መብራቱን የተከልኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልሥለው እችላለሁ። አንድ ትንሽ ፍላሽ ካሜራው አናት ላይ፣ አንድ ትልቅ በነጭ ጃንጥላ ከቀኝ። ካሜራው አናት ላይ ያለው ሁለቱንም ዓይን እኩል ነው የሚመታው። የመብራት ቢሆን ሁለቱም ላይ ይወጣ ነበር። ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ላይ ደግሞ ጃንጥላውን ወደ ግራ አዙሬዋለሁ... ያው ዓይን ነው። ያው ነጭ።

ይሄ ጠፍቶኝ ነው? ለስንት ልጆች መብራት ያስተማርኩ ሴትዮ? ብርጭቆ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች አንዲት ነጥብ ከየት እንደመጣች ካላወቅኩ እህል የማይወርድልኝ?

በሽታ መሆኑን አላውቅም ነበር። አውቄ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ግን የመብራት አለመሆኑን... እሱን አውቅ ነበር።

ጣሳው ላይ በወጣው ፎቶ ግን ሁለቱም ዓይን ጥቁር ነው። ጥልቅ፣ አንድ ዓይነት። አገር ያበደለት ዓይን።

ባለብሩሹን ማግኘት አለብኝ።

ጥር 14፣ ሰኞ

ባለብሩሹ ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት የስቱዲዮዬ ሰው ነበር። የታተመ ፎቶ ላይ በቀጭን ብሩሽ ብጉር ያጠፋል፣ የፊት መጨማደድ ያቀናል፣ ወገብ ያቀጥናል። ሰማንያ ሊሞላው ነው። ልጁ ቤት አንድ ክፍል ሰጥተውታል፤ መስኮቱ የአውቶቡስ ማዞሪያውን ያያል። እጁ ይንቀጠቀጣል። ያ እጅ!

"ስለ ወተቷ ልጅ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀብሽ።"

"ምኑ?"

"ለመጠየቅ።"

ሁሉንም ያስታውሳል። የማያስታውስ ቢሆን በወደድኩ። "ሕትመቱን ይዤ መጣሁ። ይቺ ዓይን የመብራት አትመስለኝም አልኩሽ። እናቲቱን እንጠይቃት አልኩሽ። ስልክ እያወራሽ ነበር። ስልኩን በእጅሽ ከድነሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሺያለሽ?"

"አላስታውስም።"

"'ሁለቱን አንድ አድርጋቸው።'"

አስታውሳለሁ። ከአፉ ሲወጣ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። የዚያን ቀን ድምፄን፣ የቸኮለውን።

"አንተስ ለምን አልነገርካትም?" አልኩት። ዓይን አውጣ ነኝ።

"እኔ ብሩሽ ነበርኩ። ብሩሽ ይናገራል እንዴ?" ከዚያ ቀስ ብሎ "እሱ ነው የገደለኝ" አለ። ቀኙን ዓይን ነው ገልብጦ ግራው ላይ የሣለው። ሦስት ሰዓት ፈጀበት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው አለኝና አለቀሰ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፣ ሰው በኮራበት ነገር ሲያለቅስ።

"ልጅቷ ምን ሆነች?"

"አልጠየቅኩም። አንቺስ?"

"አልጠየቅኩም።"

አውቶቡስ ስናይ ቆየን።

ጥር 19፣ ቅዳሜ

ሳሙና ልገዛ ሱቅ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ ሃያ ምናምን ጣሳ። ሃያ ምናምን ጊዜ ሳቀችብኝ። ሳሙናውን ሳልገዛ ወጣሁ።

ጥር 23፣ ረቡዕ

ነጭ ነገር ሁሉ ዓይን ሆኖብኛል። ማንኪያው ላይ የሚወድቀው ብርሃን፣ የቆመ መኪና መስታወት፣ የጎረቤቴ ድመት። አውቶቡስ ውስጥ እናቶች የታቀፏቸውን ሕፃናት ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ። ዛሬ አንዷ ሴትዮ አየችኝና ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረችው። ደግ አደረገች። እኔ ብሆንም አዞር ነበር።

ስቱዲዮው ውስጥ ደግሞ ጨርቁ አለ። ሰው ሳነሳ ከኋላ የምሰቅለው ግራጫ ጨርቅ። ሁለት ሰፋፊ ጨርቅ ገጥማ የሰፋችልኝ የወተቷ ልጅ እናት ናት፤ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጨርቁን ልወስድ ሄጄ ሕፃኗ ቁርጥራጭ ላይ ተቀምጣ ስትስቅ አየኋት። "ልጅሽን ለአንድ ቀን አውሺኝ" አልኳት ልብስ ሰፊዋን። አዋሰችኝ። ከዚያ ወዲህ ዘፋኝ ቆሞበታል፣ ሯጭ ቆሞበታል፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆዱን ስቦ ቆሞበታል። ስፌቱ አንድም ፎቶ ላይ ታይቶ አያውቅም።

ልፈልጋት ወይስ ይቅርብኝ? ሆድ ይፍጀው ይባላል። ሆዴማ ምን ይፍጅ፣ እኔው ነኝ የምፈጀው።

የካቲት 1፣ ሐሙስ

የእህቴ ልጅ ሰፊዋን በሁለት ቀን አገኘቻት። ቁልፍና ክር ሻጮቹን ጠይቃ። ሱቋ ከስቱዲዮዬ ሦስት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሦስት መንገድ።

ፊት ለፊቱ ካለው ሻይ ቤት ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። በመስታወቱ ውስጥ ትታየኛለች። ቀጭን ሆናለች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ልጅቷ አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ይሆናል አልኩ። ትዳር ይዛ ይሆናል። ሌላ ከተማ ትሆናለች፣ ባንክ ትሠራለች፣ ለእናቷ እሁድ እሁድ ትደውልላታለች... ሥራም ሰጠኋት፣ ለባልም ዳርኳት።

ሳልገባ ተመለስኩ። ፈሪ።

የካቲት 2፣ ዓርብ

ዛሬ ጉርድ ቀሚስ ይዤ ሄድኩ። ሰበብ መሆኑ ነው። "ወገቡ ሰፍቶኛል፣ አጥብቢልኝ" አልኳት።

ቀና ሳትል "ድምፅዎን አውቀዋለሁ" አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። "ወይዘሮ ድገሙ አይደሉ እንዴ? ኧረ ይቀመጡ።"

አብራት የምትሠራ ባልደረባ አለቻት። ሰፊዋ ክር አነሳችና "ይሄ ከዚህኛው ጋር አንድ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። አንድ ነው አለቻት። ጠርዙን አጥፋ "ቀጥ ብሏል?" ቀጥ ብሏል። ቁልፉን ይዛ "እዚህ ጋ ነው?" ዕድሜ ልኳን የሰፋች ሴት! ባልደረባዋ ወደኔ ጠጋ ብላ "ዓይኗስ ከኔ ይሻላል፤ ካልጠየቀች ግን አታምነውም፣ አመል ነው" አለችኝና ሳቀች።

"ልጅቷስ?" አልኩ።

"አራት ዓመት ከሁለት ወሯ ላይ ዐረፈች" አለች። መርፌውን አላቆመችም። "አልሰሙም ለካ። ከየት ይሰማሉ።"

ከዚያ ነገረችኝ። እንዳለ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

"ዓመት ከምናምን ሆኗት አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ መብራት አብርቼ ዞር ስል ዓይኗ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝ። ልክ እንደ ድመት። ለባሌ ነገርኩት፤ ነገር ትፈጥሪያለሽ አለኝ። በሌላ ቀንም አየሁት። ሐኪም ቤት ልሄድ ልጅቷን አዝዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የእርስዎ ፎቶ ተሰቅሏል፣ ያ ትልቁ። ቆምኩ። ቆሜ አየሁት፣ እትዬ። ሁለቱም ዓይኗ ጥርት ያለ ጥቁር ነው። ያን ሁሉ መብራት አብርተው፣ በዚያ ሁሉ መሣሪያ አንስተዋት ምንም የለም። እንግዲያ እኔ ነኝ ያበድኩት ብዬ ከመንገድ ተመለስኩ።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

"ዓይኗ ሲያብጥ ነው ኋላ የሄድነው። ዶክተሩ 'ምንም አላየሽም?' አለኝ። ምን ልበለው? አይቻለሁ ልበል? አላየሁም ልበል? አማቴ ያንን ጽሑፍ ይዛብኝ 'እናት ታውቃለች ይላሉ፣ ይቺ የምን እናት ናት' እያለች ስትናገር ኖረች። አባቷም ያንን ሰምቶ ሰምቶ ሄደ።"

"እኔን..." ብዬ ጀመርኩ።

"እርስዎ ምን ያድርጉ። እርስዎማ የነበረውን ነው ያነሱት።"

አልነገርኳት። ተቀምጬ አዳመጥኩ፣ አይዞሽም አልኳት፣ ተነሥቼ ወጣሁ። "ለዓርብ ይደርስልዎታል" አለችኝ።

የካቲት 3፣ ቅዳሜ

የነበረውን ነው ያነሱት።

የካቲት 9፣ ዓርብ

ቀሚሱን ልወስድ አልሄድኩም።

ባለብሩሹ ደወለ፤ የእህቴ ልጅ ነግራዋለች። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለኝ። "አሁን ሄደሽ ምን ልትሰጫት ነው? ልጅሽ ትድን ነበር ልትያት? አንዴ ቀብራታለች፣ ደግማ ትቅበራት?" ለራሱም ፈርቷል። ግን ያለው ነገር ውሸት አይደለም። እሱ ነው የከበደኝ።

የእህቴን ልጅ ጠየቅኳት።

"የምትነግሪያት ለእሷ ብለሽ ነው ለራስሽ?"

"ለሁለታችን።"

"መጀመሪያ ለማን?"

ቀኑን ሙሉ አሰላሁት። ብነግራት፣ ልጇ የሞተችው በእኔ መሆኑን ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ ያንን ተሸክማ መኖር አለባት። ዝም ብላት ደግሞ፣ ዓይኔ ዋሸኝ ብላ ታስባለች፣ ክር ሳይቀር ሰው እየጠየቀች ትሞታለች። የቱ ነው የሚከፋው? እኔ ነኝ ይሄን የምመርጥላት? አንድ ጊዜ መርጬላት ነበር፣ ስልክ ይዤ።

ስሜስ? እሱንም አስቤያለሁ። አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። ኤግዚቢሽኑ፣ ተማሪዎቼ፣ አርባ ዓመት። እሱን ያሰብኩት ከልጅቷ ቀድሜ ነው... ይኸው፣ ጻፍኩት።

የካቲት 16፣ ዓርብ

ነገርኳት።

ሦስተኛውን ፍሬም አሳትሜ፣ ምንም ሳልነካው፣ በካርቶን ይዤ ሄድኩ። ቀሚሴን አጣጥፋ አስቀምጣልኝ ነበር። "ቀሩብኝ እኮ፣ ታመው ነው?" አለችኝ።

"አንቺ ያየሽውን እኔም አይቼዋለሁ" አልኳት። "ካንቺ በፊት። ፎቶው ላይ ነበር። አጥፉት ብዬ አጠፉት።"

አልገባትም። ካርቶኑን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፣ መቀሱ ጎን። መነጽሯን አጠለቀች። አየች። አወለቀች፣ ጠረገችው፣ መልሳ አጠለቀች።

"ነይ እስኪ" አለች ባልደረባዋን። ድምፅዋ ደህና ነበር። "ምን ይታይሻል?"

"ሕፃን ናት... ውይ፣ እሷ ናት?"

"ዓይኗን እዪልኝ።"

"አንደኛው ነጭ ነው።"

"ነጭ ነው አይደል?"

"ነጭ ነው።"

"ነጭ ነው" አለች ለራሷ። "አይቼ ነበር። አይቼ ነበር እኮ።" ሦስቴ ወይ አራቴ አለችው። ደስታ የሚመስል ነገር ፊቷ ላይ መጣ፣ ከዚያ ሄደ። ወደኔ ዞረች።

"የዘጠኝ ወር ልጅ ነበረች" አለች። "የዘጠኝ ወር። ያኔ ብትነግሪኝ..."

አንቺ አለችኝ። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ጀምራ እርስዎ ስትለኝ የነበረች ሴት። ሲያንሰኝ ነው።

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ አላወጣሁትም። ስንት ነገር ሸጬበታለሁ በዚህ አፍ። "አዎ፣ ያኔ ብነግርሽ" አልኳት ብቻ።

"ውጪልኝ።"

ወጣሁ። ቀሚሱ እዚያው ቀረ። ፎቶውም።

የካቲት 17፣ ቅዳሜ

አልተነሳሁም። የእህቴ ልጅ መጥታ ሾርባ ሠራችልኝ።

መጋቢት 5፣ ረቡዕ

ለአዳራሹ ሰውዬ እውነቱን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ የማስታወቂያ ሴትዮ አዲስ ዘዴ አመጣች መስሎት። ከዚያ ነጣ። የወተቱ ድርጅት የኤግዚቢሽኑ ደጋፊ ነው። ነበረ። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ መጣ፦ ስማችን ከመጥሪያው ይውጣ።

"ያንን ፎቶ ብቻ እንተወው፣ እትዬ። ሌላ ስንት ሥራ አለዎት" አለኝ።

"እውነተኛው ይሰቀላል፤ አለዚያ ሁሉም ይቅር" አልኩት። ኮራሁ። እውነት በመናገሬ ኮራሁ፣ እዩኝ እስኪ!

የእህቴ ልጅ ስታዳምጥ ቆየችና "እናቲቱን አስፈቅደሻል? ወይስ እንደ ድሮው?" አለችኝ።

ሁለተኛ ጊዜ ልደግመው ነበር። ወይዘሮ ድገሙ።

ደብዳቤ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። የምጽፈው ሁሉ ማስታወቂያ ሆነብኝ። አምስት ወረቀት ቀደድኩ። በመጨረሻ፦ "ፎቶው ያንቺና የልጅሽ ነው። ልስቀለው ወይስ ላቃጥለው? ያልሽውን አደርጋለሁ።" የእህቴ ልጅ አደረሰችልኝ።

መጋቢት 13፣ ሐሙስ

ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማሁ። ዘገምተኛ። ሰፊዋ።

አልተቀመጠችም። ዞር ዞር ብላ መብራቶቹን አየች፣ ወንበሩን አየች። ግራጫው ጨርቅ ጋ ስትደርስ እጇን ስፌቱ ላይ አሳለፈች። "አልለቀቀም" አለች።

"አልለቀቀም።"

"ወሩን ሙሉ አንቺን ስረግም ከረምኩ። ከዚያ ደከመኝ። ነገ ደግሞ እቀጥላለሁ።"

"ቀጥዪ።"

"ባለብሩሽ የሚባል ሽማግሌ መጥቶ ደጄ ላይ ሲያለቅስ ነበር። እሱንም አስወጣሁት።" ስፌቱን እንደገና ዳሰሰችው። "ባሌ ቤት ሄጄ ነበር። ሌላ ልጆች አሉት። ፎቶውን ፊቱ አስቀምጬለት ተመለስኩ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። አማቴ ሞታለች፤ ቆጨኝ። ይሄን ሳታይ።"

ከዚያ "ስቀዪው" አለችኝ። "ለእናቶቹ ስቀዪው። ጤና ጣቢያ ወረቀት አለ አለችኝ ያቺ የእህትሽ ልጅ። ወረቀት ማን ያነባል። ይሄን ያያሉ። ግን ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እኔ ነኝ የምነግርሽ።"

እርሳስ አነሳሁ። አርባ ዓመት ሰው ሲጽፍልኝ ሳርም ኖሬ፣ እንደ ተማሪ ወረቀት ይዤ ቆምኩ።

"ልጅቷ ታማ ነበር። እናቷ አይታ ነበር። ፎቶው ተቀብቶ ነበር። በይ።"

ሦስት ጊዜ "ነበር"። አንዱን ማውጣት ይቻላል... እጄ ወደ ወረቀቱ ሄደ። አመል! መለስኩት። እንዳለችው ጻፍኩ፣ አንድ ነጥብ ሳልጨምር።

"ስሟንስ?" አልኳት።

"ስሟ የኔ ነው" አለችና ወረደች።

ሚያዝያ 12፣ ዓርብ

አዳራሹ ለሕዝብ የሚከፈተው በአራት ሰዓት ነው። እኔ በሁለት ሰዓት ደረስኩ። ጥሪ ከተላከላቸው ግማሾቹ አይመጡም። አንድ ጋዜጣ አጭበርባሪ ብሎኛል፣ ትክክል ነው። ሁለት ተማሪዎቼ ስልኬን አያነሱም። ሦስት እናቶች ደግሞ ጋዜጣውን አይተው ደውለዋል፣ የልጃቸውን ፎቶ ሊያሳዩኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ዛሬውኑ ሂዱ አልኳቸው። ሄዱ አልሄዱ፣ አላውቅም። ባለብሩሹ በልጁ ተደግፎ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቷል፤ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ ሰፊዋ ካልፈቀደችልኝ አልገባም ብሎ።

በሦስት ሰዓት መጣች። ብቻዋን። ባለብሩሹን አልፋው ገባች፤ በሩ ላይ ስትደርስ ሳትዞር "ግባ፣ ይበርድሃል" አለችው።

ፎቶው ፊት ቆመች። ሦስት ሜትር ነው፤ አንገቷን ቀና ማድረግ ነበረባት። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጽሑፉን አነበበች፣ ወደ ፊቷ ተመለሰች። ብዙ ቆየች።

"ማንን እያየች ነው እንዲህ የምትስቀው?" አለችኝ።

ይሄን ጥያቄ ሠላሳ አንድ ዓመት መልሼዋለሁ። በየስብሰባው፣ በየክፍሉ። ገዢውን ነው የምታየው እል ነበር፤ ምሥጢሩ እሱ ነው፣ ሕፃኗ ገዢውን እናቷ አድርጋ ነው የምታየው። ይጽፉታል። ያጨበጭቡልኛል።

"አንቺን" አልኳት። "ከኋላዬ ቆመሽ ነበር። በእጅሽ ጨርቅ ይዘሽ ታወዛውዥላት ነበር።"

ረስታው ኖራለች። ስታስታውሰው አየሁት። እጇ ትንሽ ከፍ አለ፣ እንደዚያን ቀን፣ ከዚያ ወረደ።

"እሷስ ታየኝ ነበር?"

"እንዴታ፣ ጥርት አድርጋ" ሊል አፌ ተዘጋጅቶ ነበር። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላም ተዘጋጅቶ ነበር።

"በቀኟ" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። ትንሽ ወደ ግራ ተራመደች፣ በልጅቷ ቀኝ ዓይን ትክክል እስክትሆን። ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኩላት፤ በሩ እስኪከፈት እዚያው ተቀምጣ ቆየች።